ለባሌ ተራራ የተሰናዳ ስንቅ

አዱኛ፣

እጃጂ ከተማ፣ እህቴ ዘንድ ሄጃለሁ። ሰኞ እመለሳለሁ።

በሶውና ዳቦ ቆሎው ሰማያዊው ባልዲ ውስጥ ነው። የነቢያት ጾም ሳይገባ ከባሌ እንመለሳለን ብዬ በሶውን በቅቤ አሽቼዋለሁ። ጋቢዬንም ውሰደው፤ የኅዳር ብርድ ተራራ ላይ በጃኬት አይመለስም።

የሚወስዳችሁ ሾፌር፣ ኦሊቃ፣ ትናንት መናኸሪያ አግኝቶኝ የተጓዦቹን ስም አነበበልኝ። የእኔ የለም።
«አምና በአንተ የተነሳ ጉዞው ተበላሸ አሉ። ያቺ የአዱኛ የሥራ ባልደረባ ሃዋኒማ ‹ምትኩ ተራራ በፎቶ ሲያይም ያስለዋል› ብላ አሳቀችን» አለኝ። አንተም ስቀሃል አሉ።

አልተናደድኩም። ምንም አልተሰማኝም። ሳምንት ሙሉ ስንቅ ሳሰናዳ እያየኸኝ ዝም ማለትህ ብቻ ነው የከነከነኝ።
ይሁን።

ዛሬ ጠዋት «አካም ቡልቴ» ብለህ እንዴት አደርክ ስትለኝ አለመመለሴ ልክ አልነበረም።

በሩን ወደ ላይ ሳብ አድርገህ ቆልፈው፤ አለዚያ አይይዝም።

ሌላው፣ ሰኔቲ አምባ ላይ ራስ ምታት ከያዘህ ሳትውል ሳታድር ውረድ። አምና ድንኳን ውስጥ ሲያስመልስህ ከእኔ በቀር ያየህ የለም። «እንዳትነግራቸው፣ መሳቂያ ያደርጉኛል» አልከኝ። ወጥቼ «ታምሜያለሁ፣ አውርዱኝ» ያልኩት ለዚያ ነው። አንተም ደጋፊዬ መስለህ አብረኸኝ ወረድክ።

ዘንድሮ የሚታመምልህ ሰው የለም። ሲያምህ ራስህ ተናገር።

ምትኩ