የእማዬ ማስታገሻ

ወንድሜ፣

ሾርባው ምድጃው ላይ አለ፤ አሙቀህ ጠጣ። ጋዙን ማጥፋት እንዳትረሳ።

እማዬን ይዤ አክስታችን ቤት ሄጃለሁ።

ከመሰላል ወድቀህ ወገብህ ሲጎዳ የሕመም ማስታገሻ ኪኒኑን ያዘዘልህ ሐኪም ነው፤ በዚያ አልፈርድብህም። ወገብህ ከዳነ በኋላ ግን «ያለሱ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አልክ። ቀጥለህ በቢራ ማወራረድ ጀመርክ። ኋላማ ጠዋት ካልዋጥክ እጅህ እየተንቀጠቀጠ የቀለም ብሩሽ መያዝ አቃተህ።

ትናንት የእማዬን የካንሰር ማስታገሻ ሙልጭ አድርገህ ጨረስክባት። እሷ ስታቃስት አደረች፤ አንተ ስታንኮራፋ።

ሳትታከም አክስታችን ደጅ እንዳትደርስ።

ስንወጣ፣ በርህ ጋ፣ እማዬ ጥርሷን ነክሳ ትከሻዬን ያዘችና «ቀስ በይ ልጄ፣ ደክሞት ነው፤ እንዳትቀሰቅሺው» አለችኝ።

እህትህ