በቃጫ የታሰረው የቱርቦ ቱቦ

ይድኔ፣

መኪናዋን ያበላሸኸው አንተ አይደለህም። «ቱርቦውን በገዛ እጄ ገጥሜ ገደልኳት» እያልክ ሊገዛት ለመጣው ሰው እንዳትሰጣት። ያበላሸኋት እኔ ደበሌ ነኝ።

አዲስ አበባ የሄድክ ጊዜ፣ የዚያች አሮጊት ስፖርት መኪናህ ፉጨት ከየት እንደሚወጣ ልይ ብዬ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋውን የቱርቦዋን ቱቦ ፈታሁት። ስመልሰው የብረት ማሰሪያው ተሰበረብኝ። ጎጆ ያቆመ ቃጫ ቱቦ አያቅተውም ብዬ በቃጫ ጠፈርኩት።

እንሴኖ መንገድ ላይ የጮኸችብህ ቃጫው ተበጥሶ ቱርቦው ውስጥ ስለገባ ነው። እየገፋን ቤት ካደረስናት በኋላ፣ አንተ እጅህን ስትታጠብ የቀረውን ቁራጭ ኪሴ ከተትኩት። ደግሞ ብዬ ብዬ «መካኒክነት ላንተ አልተጻፈም» ብዬ ቀለድኩብህ። አንተም አምነህ ሳቅህ።

ቁራጩ ከዚህ ወረቀት ሥር አለልህ።

ወልቂጤ ቱርቦ የሚሠራ ሰው አለ ብለውኝ ልጠይቅ ሄጃለሁ። እስክመለስ እንዳታስነሳት። ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።

ፊት ለፊት ልነግርህ አፍሬ ነው። ይህን ለአከራያችን ለእትዬ ውድነሽ አንብቤላቸው «ይቅር ይለኛል?» ብላቸው፣

«ቃጫው ከዚህ ደብዳቤህ ይሻል ነበር» አሉኝ።