ከደረጃው ሥር ስለምትሞቀው ክፍል

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ የጸና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከደረጃው በላይ፣ ከእርስዎ ቤት በታች ካለው ቤት ሆኜ እጅ እነሳለሁ።

የኤሌክትሪክ ብስክሌቶቻችንን ባትሪ ከደረጃው ሥር ባለችው መስኮት አልባ ክፍል ብቻ ቻርጅ እንድናደርግ ስላዘዙን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በመጠነኛ ትምህርቴ ያልገቡኝን ግን እነሆ።

፩ኛ፦ ባትሪ ጨርሶ ሳይሞት እንዳይሰካ፣ ከተሰካም ጢም ብሎ ሳይሞላ እንዳይነቀል ደንግገዋል። ከብስክሌቴ ጋር የመጣው መመሪያ ግን የሊትየም ባትሪ ባዶ መሆኑንም ከልክ በላይ መሙላቱንም አይወድም ይላል። እንደ ሆድ ነው፤ ረኃቡም ቁንጣኑም ይጎዳዋል።

፪ኛ፦ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ፈጣን ቻርጀር ሰጥተውናል። ጫማ እንኳ በልክ ነው።

፫ኛ፦ አቧራ እንዳይነካቸው ብለው ባትሪዎቹን ከየቤታችን ባሰባሰቡት ብርድ ልብስ አልብሰዋል። ባትሪ ሲሞላ ይሞቃል፤ ሙቀት ደግሞ ጠላቱ ነው። የጎረቤቴ የልብስ ሰፊዋ ባትሪ እንደ ሊጥ አብጧል፤ ሆኖም ገና ስላልሞላ፣ በደንብዎ መሠረት እንደተሰካ ነው።

ከዚያች ክፍል ጣሪያ በላይ ልጄ ትተኛለች። ወለሏ ባዶ እግርን ያሞቃል።

ሰውን መጠርጠር ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ መጀመሪያ ራስህን ጠርጥር» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ጸለይኩ፤ ምናልባት ክፋቱ ከእኔው ልብ ይሆናል ብዬ ራሴን መረመርኩ። ከጸሎት ቀና ስል ግን የእርስዎን ባትሪ በረንዳዎ ላይ አየሁት፤ ከጥላ ሥር፣ ሳይሸፈን፣ በገዛ ቻርጀሩ ተሰክቶ። ጥበቃውን ብጠይቀው «ጋሼ፣ የሳቸውማ ሳይሞላ ነው የሚነቀለው፤ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚሳሱለት» አለኝ። ባለማወቅ ነው ብዬ ልከራከርልዎ ተዘጋጅቼ ነበር።

አማችዎ የባትሪ መሸጫ ሱቅ መክፈታቸውንም ከዚህ ጉዳይ ጋር አላያያዝኩም። እንዳላያይዝ እየጸለይኩ ነው፤ እርስዎም ያግዙኝ።

ከጥርጣሬው ጋር እየታገለ ለደንብዎ የሚገዛው፣
የታችኛው ጎረቤትዎ

ማሳሰቢያ፦ ልጄን ወደ አክስቷ ቤት ልኬያታለሁ። ደንቡ ምንም የማያሰጋ ከሆነ፣ አልጋዋን በንጹሕ አንሶላ አንጥፌልዎታለሁና እስኪሽሩት ድረስ ይተኙበት። ብርድ ልብሱ ከታች ባትሪዎቹ ላይ ስለሆነ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ ግን አይበርድዎትም።