ለመብረቅ፣ ከወረንጦ

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን
ከምሳ በፊት፣ ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍል

ማሙሽዬ፣

«ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ» ብዬ አልጀምርም፤ ለእሱ ጊዜ የለኝም። መጀመሪያ ስልክህን፣ ክፍት ከሆነ፣ አጥፋው። ቻርጀር ላይ ከሆነ ንቀለው። ከዚያ ውጭ አውጥተህ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጠው፤ የሚቃጠል ነገር አጠገቡ አይኑር። አትጫነው፣ አትብሳው፣ ውሃም አታስነካው። ይህን አድርገህ ተመለስና አንብብ። ሳታደርግ ማንበብ ከቀጠልክ እኔ አላሳደግኩህም።

ተመለስክ? እንግዲያው ስማኝ። በ«የንስር ቤተሰብ» ቡድን ውስጥ «ወረንጦ» በሚል ስም ስለ ባትሪ የምትጽፈው ሴትዮ እኔ ነኝ። አምስት ወር ሙሉ «ውሸታም»፣ «ተከፋይ»፣ «ከጓዳዋ ያመለጠች» ስትል የከረምከው እኔን ነው። አንተ ደግሞ «መብረቅ» ነህ። ይህን ካወቅኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። በአራት ቀን ውስጥ የሁለት ሰው ስልክ አበላሽቻለሁ፣ ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ይህን አልቀድም።

ቡድኑን ያሳየኸኝ ራስህ ነህ። ያኔ ለእረፍት መጥተህ፣ የንስር ስልክ የያዘ ሁሉ እዚያ እንደሚሰበሰብ፣ አንዱ የቸገረውን ሌላው እንደሚያስተምረው ነገርከኝ። «እትዬ፣ አንቺ ብትገቢ ሁሉንም ታስንቂያቸዋለሽ» አልክ። ገባሁ። በስሜ ግን አልገባሁም። አለቃዬን ታውቀዋለህ፤ እሱ የሚሸጠውን ስልክ ሠራተኛው በአደባባይ ስታማ ቢያገኛት በዚያው ቀን ነው የሚያሰናብታት። ጠረጴዛዬ ላይ ዓይኔ ያረፈው ብሎን የማነሳበት ወረንጦ ላይ ነበር፣ ስሜ እሱ ሆነ። ትንሽ ልታወቅና አንድ ቀን እኔ ነኝ ብዬ ላስደንቀው እያልኩ ላንተም ሳልነግርህ ቀረሁ። ይኸው አስደነቅኩህ።

በመጀመሪያው ዓመት እኮ ቡድኑ እንደ ስሙ ቤተሰብ ነበር። አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የሞቱባቸው ባለቤታቸው ድምፅ ያለበት ስልክ ወድቆ ተሰበረብኝ ብለው ጻፉ። አሥራ አምስት ሰው ተረባረበ፤ እኔም ሁለት እሑድ ቁጭ አልኩና ድምፁን አወጣንላቸው። «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሲጽፉ እዚህችው ክፍል ውስጥ አለቀስኩ። ሰው «ወንድሜ»፣ «እህቴ»፣ «አባባ» ይባባል ነበር። ስህተት የተናገረ እንኳ «ይቅርታ ይደረግልኝና» ብሎ ነበር የሚታረመው።

ንስር ሰባት የተባለው አዲሱ ስልክ ወጣና ጉድ ፈላ። ተፎካካሪው ኩባንያም በዚያው ሰሞን የራሱን አወጣ፤ ስልክ የያዘው ሁሉ ጦር የያዘ መሰለው። የጠየቀ «ሰላይ» ይባላል፤ ስልኬ ጋለብኝ ያለ «የጋለው ጭንቅላትህ ነው» ይባላል። አስተማሪው አንድ ቀን «ልጆች፣ ቀስ ብላችሁ ተነጋገሩ» ቢሉ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ መቃብርህን ፈልግ» የሚላቸው ሰው ተገኘ። ሦስት መቶ ሰው ያንን ወደደ። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ጽፈው አያውቁም። ሰሞኑን ወደ ኋላ ሄጄ አጣራሁ፤ ያላቸው አንተ አይደለህም። ከወደዱት ሦስት መቶዎች ግን አንዱ ነህ።

ስምንት ዓመትህ ላይ በጎረቤታችን ሴት ላይ ለማሾፍ እንደ እሳቸው እያነከስክ ብትሄድ፣ ጆሮህን ይዤ ደጃቸው ድረስ ወስጄህ ነበር። ይቅርታ እስክትል ሳይሆን ይቅር እስኪሉህ ድረስ ነበር ያስቆምኩህ። ክረምቱን ሁሉ ዕቃቸውን ከገበያ ስትሸከምላቸው ከረምክ፣ ማንም ሳያዝህ። ያ ልጅ የት ገባ? አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ ያንተ አፍ ሲከፈት እኔ የማላውቀው ሰው ታየኝ።

ስለ ባትሪው የጻፍኩት ምን ነበር? በሁለት ወር ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አንድ ንስር ሰባት መጣ። አሥራ አንዱም ባትሪው አብጦ ጀርባውን ገፍቶት ነበር። «እህታችሁ ነኝ፣ በሥራዬ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ጀርባው ከፍ ያለባችሁ ቶሎ አስቀይሩ» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አራት መቶ ስድብ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው ያንተ ነው። «እህታችን ከሆንሽ እራት አሙቂልን።» ቀልድህን ድሮም አልወደውም ነበር።

ከዚያ ወዲያ የማትሠሩኝ ነገር አልነበረም። የአህያ ፊት ላይ ወረንጦ አድርጋችሁ ሥዕል አዞራችሁብኝ። ቀጥሎ ማን እንደሆነች ደረስንባት ብላችሁ፣ ከእኛ ሁለት መንገድ ወዲያ ቻርጀር የምትሸጥ ሴት ስልክ ቁጥር ወጣ። ቁጥሩን የለጠፍከው አንተ ነህ፣ አትካድ። ሴትዮዋ ወረንጦ በእጇ ይዛ አታውቅም። በቀን ሁለት መቶ ሰው እየደወለ ሰደባት፤ አንዱን ጥሪ ትንሿ ልጇ አንስታ ምን እንደሰማች እሷ ታውቃለች። ሱቋን ሳምንት ዘጋች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እኔስ? «እኔ ነኝ፣ እሷን ተዉአት» ብዬ ጻፍኩ? አልጻፍኩም። ሥራዬን ፈራሁ። እስከ ዛሬ በደጃፏ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

በሌላው ግን ዝም አላልኩም። አፌ ለከት የለውም፣ ከማን እንደወረስክ አውቃለሁ። ከሁሉም መብረቅን ለይቼ ያዝኩት። ጠዋት ሱቅ ገብቼ የሥራ ጨርቄን ሳላነጥፍ መጀመሪያ የማየው መብረቅ ዛሬ ምን አለ የሚለውን ሆነ። «ደንቆሮ» አልኩህ። «ስልክ አምላኪ» አልኩህ። ስድብ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር፤ ስንት ሰው ወደደልኝ እያልኩ እየቆጠርኩ ነበር ምሳዬን የምበላው። የቻርጀር ነጋዴዋ ነገር አንጀቴን ሲያሳርረው ደግሞ ያለኝን ስድብ ሁሉ አወረድኩብህ፤ «አሳዳጊ የበደለው» ብዬ ጻፍኩብህ። «አንተን ያሳደገ ሰው ምነው ድንጋይ በፈለጠ» ብዬም ጨመርኩበት። ስምንት መቶ ሰው ወደደልኝ።

አንተ ያን ቀን አልቀለድክም። «ያሳደገችኝ እህቴ ናት» ብለህ መለስክ። «እናታችን ስትሞት እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርቷን ትታ አሳደገችኝ። እሷም ስልክ ጠጋኝ ናት፤ እንዳንቺ ወሬ ጠጋኝ አይደለችም። የእጇን ሥራ እዪና እፈሪ።» ከሥሩ ፎቶ ለጠፍክ፣ የስልክህን ጀርባ ከፍተህ በሰው ስልክ ያነሳኸውን።

ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። የቻርጀር መሰኪያውን የቀየርኩልህ ጊዜ አንዷ ብሎን ወለሉ ላይ ጠፍታብን፣ ከቆመው የግድግዳ ሰዓት የፈታሁትን ቢጫ ብሎን ነበር ያስገባሁልህ። ከነጮቹ መሃል እዚያው ተቀምጣለች። ውስጡን የማጣብቅበትን ፕላስተርም ጠርዙን አክብቤ ነው የምቆርጠው፤ ማዕዘን ያለው ቶሎ ይላጣል ብለው ያስተማሩኝ የሙያ አባቴ ናቸው፣ እዚህ አካባቢ ከእኔ ሌላ እንዲያ የሚቆርጥ የለም። እሱም አለ። አሥራ ስድስት ዓመት ስጠግን በሰው ፊት ያመሰገነኝ ሰው አልነበረም። በቡድኑ አርባ ሺህ ሰው ፊት ያመሰገነኝ ሰው ቢገኝ፣ እኔኑ ለመስደብ ሆነ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ቀጥሎ ያየሁት ባትሪውን ነው። በግራ በኩል ጠርዙ ከማቀፊያው በላይ ወጥቷል፤ ሽፋኑ ተወጥሮ ያብለጨልጫል። አሥራ ሁለተኛው ያንተ ነው። አንተ ደግሞ ሌሊት መጋዘን ስትሠራ አድረህ ቀን የምትተኛ ሰው ነህ። ማንቂያው እንዲሰማህ ስልኩን ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ከጆሮህ ሥር ታደርገዋለህ፤ ስንቴ ተቆጥቼሃለሁ። እንቅልፍህ እንደሆነ ከልጅነትህ ጀምሮ የድንጋይ ነው።

ወዲያው ደወልኩልህ።

«ማሙሽ፣ የስልክህን ባትሪ ዛሬውኑ አስቀይር» አልኩ።

«ደሞ ለምን?»

«አብጦ ይሆናል ብዬ ነው።»

ሳቅህ። «አንቺም እንደዚያች ሴትዮ ሆንሽ?»

«የቷ ሴትዮ?» አልኩህ እንደ ሞኝ።

«አለች አንዲት እብድ፣ ስንት ወር የታገልናት። እትዬ፣ መጋዘን አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ ቡድኑ ውስጥ ናቸው። አሁን ባትሪ ቀይሬ ብገኝ ምን እላቸዋለሁ? አያብጥም ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምዬ የለ እንዴ?»

እሷ እኔ ነኝ ልልህ ይገባ ነበር። ያንን ትቼ ጮህኩብህ። «ለይሉኝታ ብለህ ልትቃጠል ነው፣ አንተ ከንቱ?» አልኩህ። «ከእነሱ ጋር ወግነሻል ማለት ነው» ብለህ ዘጋህብኝ። እህትህ ላይ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደውያለሁ። ይጠራል፣ አታነሳም። በቡድኑም እንዳልጽፍልህ ወረንጦን ዘግተኻታል። እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ ስልክህ ይጠራ ነበር፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ግን አይጠራም።

አልታረቅኩህም፣ ይህን እወቅ። በአስተማሪው ላይ የተጻፈውን መውደድህን፣ የዚያችን ሴት ቁጥር፣ ሁሉንም ፊት ለፊት ተቀምጠን እንጨርሰዋለን። እኔም የጻፍኩትን ይዤ እቀርባለሁ። ሁለታችንም እዚያች ሴት ሱቅ ደጃፍ እንቆማለን፣ ይቅር እስክትለን ድረስ፤ አለቃዬም ሊያባርረኝ ከሆነ ያባርረኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ የጣት ወለምታ ደግሞ ጭራሽ ባሰ፤ የጻፍነውን ማንበብ የፈለገ ሁሉ ዛሬም ያገኘዋል።

ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለህ አትቃጠልብኝ። የሚያስጨንቅህ መሸነፍ ከሆነ እኔ ልሸነፍልህ። «መብረቅ ረቶኛል» ብዬ ጽፌ ከቡድኑ እወጣለሁ፤ ያሻህን ስም አውጣልኝ፣ ከአህያም የባሰ ካለ ሳሉኝ። ባትሪው አያብጥም ብዬ ግን አልጽፍም። አሥራ ሦስተኛው የማን ወንድም እንደሚሆን አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጭነት መኪና ሹፌር ደንበኛዬ ነው። ከምሳ በኋላ ይነሳል፣ ነገ ከሰዓት አንተ ዘንድ ይደርሳል። ሰውየው ቁጣ አያውቅም፤ ግትርነቱ ግን ካንተም ከእኔም ይብሳል። ፖስታውን ሰጥቶህ አይሄድም። አንብበህ ስትጨርስ የራሱን ስልክ ይሰጥሃል፣ እዚያው ቆመህ ትደውልልኛለህ፤ እስክትደውል ከበርህ እንዳይነቃነቅ አስምዬዋለሁ። ልትሰድበኝ ከሆነም ስደበኝ፤ ብቻ በአፍህ ይሁን፣ ድምፅህን ልስማ።

ቅድም አድራሻህን ስሰጠው «ካጣሁትስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አታጣውም» አልኩት። አንገቱን ነቅንቆ ሊወጣ ሲል ጠርቼ መለስኩትና እንደገና «አታጣውም» አልኩት።

ፈጣሪ ከእሳትም ከእኔም አፍ ይጠብቅህ።

እትዬህ