ቋንቋህን አውጥቼ ጣልኩት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ያ እንቅልፍ የሚነሳችሁ የጎረቤታችሁ ውሻ ሳይቀር ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። አባዬም የሚፈልገውን ብቻ እየመረጠ ይሰማል። እኔም ጤነኛ ነኝ፤ ብቻ በአንተ በግኛለሁ። ይህን ከወዲሁ የምነግርህ በሰላምታዬ እንዳትታለል ነው።

ማክሰኞ ዕለት አለቃዬ ቢሮው አስጠራኝና ወንድምሽ ደውሎልኝ ነበር አለኝ። ልጅ ናት፣ የሠራሁትን ታፈርሰዋለች፣ የፈጠርኩትን የኮምፒውተር ቋንቋ እንዳታስነካት ብለኸዋል አሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኛል፣ ወንድምጋሼ! አለቃዬም አርብ ለደንበኛ የሚላከው ሥራ አንቺ ባመጣሽው አዲስ ቋንቋ በሰላም ካልወጣ የወንድምሽ ይመለሳል፣ አንቺም ደንበኛ እየደወለ ወደሚሳደብበት የስልክ ክፍል ትዛወሪያለሽ አለኝ። የለፋሁበትን ወንበር በአንድ ስልክ አነቃነቅኸው።

ደብዳቤውን ለባለቤትህ ጮክ ብለህ ማንበብህ አይቀርምና እሷም ትፍረደን። እኛ ጋ ፕሮግራመሮቹ የጻፉትን በየማታው ሰብስቦ፣ ፈትሾ፣ ለደንበኛ የሚላክ አንድ ፕሮግራም አድርጎ የሚያወጣ መሣሪያ አለ። መሣሪያው ምን አስቀድሞ ምን እንደሚያስከትል የሚታዘዝበት ቋንቋ ይፈልጋል። አንተ እዚህ ስትሠራ፣ ስንት ቋንቋ ሞልቶ ሳለ ከራስህ ጭንቅላት አንድ ፈለሰፍክና ጥለኸን ሄድክ። መማሪያ የለው፣ የሚጠየቅ ሰው የለው፤ በቃላቱ መካከል አንዲት ትርፍ ክፍት ቦታ ከገባች ቀጥ ብሎ ይቆማል። ትርፍራፊ የሚያጸዳውን ትእዛዝ እማዬ፣ ዝም ብሎ የሚጠብቀውን አባዬ ብለኸዋል። ሥራው ሲበላሽ ደግሞ ስክሪኑ ላይ በቀይ ቦግ የሚለው በልጅነቴ ያወጣህልኝ ስም ነው፦ አልቃሻ። ይኸው ሕንፃው በሙሉ፣ ጥበቃው ሳይቀር፣ አልቃሻ እያለ ይጠራኛል። ደስ አለህ?

እኔ የመረጥኩት ሉዋ የሚባለውን ቋንቋ ነው። ከአንድ የልጆችህ ፎቶ ያነሰ ቦታ ይበቃዋል፤ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል እንጂ ይህን ጫኑልኝ፣ ያን አምጡልኝ አይልም። መጽሐፍ አለው፣ አዲስ ተቀጣሪ ቶሎ ይለምደዋል። እንከን የለውም አልልህም። መቁጠር የሚጀምረው ከአንድ ስለሆነ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከዜሮ የቆጠሩት ፕሮግራመሮች ሲነጫነጩብኝ አረፈዱ። ሥራውን የምትፈትሸው ልጅ ግን ጥፋቱ እንደ ሰው መቁጠሩ ነው እንዴ ብላ አፋቸውን አስያዘችልኝ።

አርብ ሥራው በሰላም ወጣ። አለቃዬ በበሩ ብቅ ብሎ ጥሩ ነው አለና ሄደ፤ ወንበሬም ተረፈ። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም። የአንተን ቋንቋ እያራገፍኩ ሳለ ከታች በኩል አንድ ትእዛዝ አገኘሁ። ሥራው በተበላሸ ቁጥር ማን ምን ሲሞክር እንዳበላሸው ጠቅሶ ወደ ስልክህ መልእክት ይልክልሃል። አዲሱን ቋንቋ መሞከር ስጀምር ለአለቃዬ እንኳ አልተናገርኩም ነበርና አንተ ከየት ሰማህ ብዬ ግራ ገብቶኝ ነበር። ለካ ሰላይ አቁመህብኝ ነው የሄድከው።

እሱንስ እሺ፣ ይሁን። አንጀቴን ያሳረረው ሌላ ነው። ሥራ ተበላሽቶብኝ አንገቴን ደፍቼ ቤት በገባሁ ቀን ሁሉ ትደውልልኝ ነበር። ምነው ድምፅሽ ደከመ፣ ዛሬ ከፋሽ እንዴ ትለኝ ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ ያን ያህል ርቆም ልቤን ያውቀዋል እያልኩ ለእማዬ አወራላት ነበር። እሷም ደስ ብሏት ታለቅስ ነበር።

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ እጇ እንደሌለበት አውቃለሁ። ትልቁን ልጅህን በርታ በልልኝ፣ የትንሿን ጉንጭ ሳምልኝ። አባዬ ሰላም ብሎሃል። ያን ትእዛዝ ሰርዤዋለሁ፤ ከእንግዲህ የከፋኝን ቀን የሚነግርህ የለም። እማዬ ትስምሃለች። ለእሷ ምንም አልነገርኳትም፤ አሁንም ከዚያ ሆነህ ልቤን የምታውቀው ይመስላታል።

እህትህ

ከመሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ
ሰኔ 8 ቀን