የዓርብ ምሳዬን ይመልሱልኝ

ለተከበሩ ወይዘሮ ውቢት፣
የካርቲየ 4 ሰፈር ኢትዮጵያውያን እናቶች የምግብ ዕቅድ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ጅቡቲ

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በዚህ ሙቀት አንድ ቀን እንኳ ቀጥ ብሎ የማያውቀው ጄኔሬተርዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከግድግዳዎ ማዶ የምኖረው ጎረቤትዎ ሰብለወርቅ፣ ከታች የምዘረዝረው ነገር ባይኖር ኖሮ ደኅና ነበርኩ። ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው ማኅበራችን ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ ኧረ ምን ቆርጦኝ! ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ሥራ የሚበዛብን እናቶች የሳምንቱን ወጥ በአንድ ቀን ሠርተን፣ በየዕቃው ከፋፍለን ፍሪዘር ውስጥ እንድንከት ስላስተማሩን ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ባለ ሆቴል እንግዳ ስቀበል ውዬ ለምገባው ለእኔ፣ ምክርዎ ከሰማይ የወረደ መስሎኝ እንዳሉት አደረግሁ። ታዲያ በዚያው ሳምንት፣ በሐምሌ ሙቀት፣ መብራት ሄደና ወጡ ሁሉ ከነዕቅዱ ተበላሸ። ጄኔሬተር እንደሚያስፈልግ በሥልጠናው ላይ ያልነገሩን መቼም ሁሉም ሰው ቤት ያለ መስሎዎት ነው፤ እንዲህ ከፍ አድርገው ስላዩን ክብረት ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ ያን ዕለት ባለቤቴን ታፈሰንና ልጄን ኢዮስያስን፣ ለዛሬ ብቻ ብለው፣ ለምሳ ስለጠሩልኝ አመሰግናለሁ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ታፈሰ ዶራሌ ወደብ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ሲጨቃጨቅ ሰንብቶ የሚያርፈው ዓርብ ብቻ ነው፤ እኔንም ሆቴሉ በስድስት ሰዓት የሚለቀኝ ዓርብ ብቻ ነው፤ ሦስታችን አንድ ትሪ ከበን የምንበላው በዚያች ቀን ነበር። እርስዎ ዛሬ ብቻ ያሉት ዛሬ ግን ይኸው እስካሁን አልመሸም። ኮሚቴው ምሳሌ የሚሆን የቤተሰብ ማዕድ ብሎ በሰየመው ገበታዎ ዙሪያ፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር የእኔ ቤተሰብ ምሳሌ ሆኖ ይበላል።

ሦስተኛ፣ ዓርብ ጾም በመሆኑ በሥጋ እንኳ ልፎካከርዎ አልቻልኩም። ኢዮስያስ ከእርስዎ ቤት ሲመለስ የምስሩን ጣዕም ይተርክልኛል፤ አባቱ ደግሞ ከእሱ ብሶ፣ በእኔው ቤት፣ በእኔው ወንበር ላይ ተቀምጦ የወይዘሮ ውቢት እጅ ይጣፍጣል እያለ ያወድስዎታል። ምስሩን የምትሠራው ሠራተኛዎ ፀደይ ናት ብል ማን ሰምቶኝ!

እዚህ ላይ አልዋሽዎትም፤ ቀንቻለሁ። የባሌን ሳቅ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ብቻዬን እጎርሳለሁ። ባሌን ይወስዱብኛል ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ብል ሰው ይታዘበኛል። ሳቁን ግን ወስደውብኛል።

ስለዚህ ክብርት ሆይ፣ የቀሩትን ቀኖች ከቁርስ እስከ እራት እንደፈቀዱ ያቅዱልን፤ ዓርቤን ብቻ እንዲመልሱልኝ እጅ ነስቼ እለምናለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤናና የማይጎድል ነዳጅ እየተመኘሁልዎ፣

በዕቅድዎ ምክንያት ምሳ ተርፏት በላተኛ ያጣች ታዛዥዎ፣
ሰብለወርቅ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ዓርብ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ በሬ ተንኳኳ። ባለቤትዎ አቶ ፀጋው ነበሩ። ከእንግዳ ብዛት የተነሣ ዓርብ ዓርብ በገዛ ቤታቸው መቀመጫም ምሳም እንደማይደርሳቸው እያፈሩ ገለጹልኝ። እኔም በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ጎረቤታችንን ማይሙናን አብራን እንድትቀመጥ ጠርቼ፣ ሽሮዬን አቀረብኩላቸው፤ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ከማይሙና ጋር ሲጫወቱም ከልባቸው ሳቁ፤ በግድግዳው በኩል ሳይሰማዎት አልቀረም። ለሚመጣው ዓርብ ምን እንዳሰብኩ ጠይቀውኝ ሄደዋል።