የማይዝገው ጠመንጃ

ጥር 3 ቀን 1931
ገብሱን ወቃን። ነፋስ የለም፣ ማዝራቱ ለነገ።
ከሰዓት በኋላ ልጄ ሙላቴ እንጨት ሻጭ መስሎ ከጫካ መጣ። በሸክሙ መሀል ጠመንጃ። ከጣልያን የማረከው።
«አባባ፣ ይህ ጭረት ፀሐይ ሲያገኘው ያበራል። ሰኞ ከእብናት በላይ ጣልያኖች በዚሁ አዩኝ። ጥይቱ በጆሮዬ በኩል አለፈ። ያጥቁሩልኝ፣ በስድስተኛው ቀን እመጣለሁ።»
ምን ችግር አለ? ስንት ጠመንጃ ያሳመርሁ ሰው ነኝ።

ጥር 4
ጠመንጃውን ወደ ደበቅሁበት ገለባ ቤት ገብቼ አየሁት። አፈሙዙ ብረት ነው። አካሉ ግን... ምንድን ነው? ቀላል። ላዩ ጥቁር፣ ጭረቱ ውስጥ እንደ ጥርስ ነጭ።
እንደ ደንቡ መጀመሪያ በአመድና በአሸዋ ፈተግሁት። የጠመንጃ ክብሩ ጽዳቱ ነው፣ አባቴ እንዲህ ነው ያሳየኝ። ለካ ጥቁሩ ቅብ ኖሯል። ለቀቀ። የጣት ያህል የነበረው ጭረት መዳፍ አከለ።

ጥር 5
ብረት ሲዝግ ይጠቁራል ብዬ በሎሚና በጨው አሽቼ ጤዛ ላይ አሳደርሁት። አፈሙዙ ዛገ። ነጩ ይባስ ፈካ። የማይዝግ ብረት አለ እንዴ? ተናደድሁ... ገረመኝም። ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት።

ጥር 6
ጥቀርሻ በቅቤ ለውሼ ቀባሁ። ጠቆረ። ብይዘው ጥቁሩ ወደ እጄ ተሻገረ።
የሟች ሚስቴ እኅት እቴነሽ ከአጥር ማዶ፦ «አያ ይርጋ፣ እጅዎ ምን ሆነ?»
«ድስት አነሳሁ።»
«እኅቴ ከሞተች ስድስት ዓመት፣ ዛሬ ድስት አነሡ?» ሳቀችብኝ።

ጥር 7
ሁለት ቀን ቀረ። ልጄን የሚያስገድለው ጭረቱ ሳይሆን የኔ ፍተጋ ሊሆን ነው።
በቤታችን ሴት ጠመንጃ አትነካም። ሌላ መላ ስላጣሁ ግን ይዤው እቴነሽ ዘንድ ሄድሁ። ሳትጠይቅ ተቀብላ በእጇ መዘነችው።
«ይህማ ዓረቡ ነጋዴ የሱፍ ሱቅ የመጣው የድስት ብረት ነው። አሉሚንዮ ይሉታል። አንድ ገዝቼ እንደ ምጣድ በጎመንዘር አሟሸሁት። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ። ይኸው ጠቁሮ ቀረ፣ ቢፈትጉት አይለቅም።»
«ለጠመንጃ?»
«ምን ልዩነት አለው?»


ጥር 8
ቅቤዬን በእንዶድ አጠበችው። ጎመንዘር ወቅጣ ዘይቱን አወጣች። እኔ ልያዝ አልሁ... እሷ ያዘች። በስሱ ቀባች፣ ከፍም ከፍ አድርጋ አሞቀች፣ ጨሰ፣ ደግማ ቀባች። ሰባት ጊዜ። መጀመሪያ እንደ ማር፣ ኋላ እንደ ከሰል።
በጥፍሬ ጫርሁት። በአሸዋ አሸሁት። እንቢ።
ለምን ያዘ? ዘይቱ ነው እሳቱ? «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ይይዛል» አለች። «ደግሞም ቅቡን አስቀድመው መፈተግዎ በጀ፤ ዘይቱ ባዶ ብረት ይሻል።»
«ሆን ብዬ ነው» አልኋት።
ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጥር 9
ሙላቴ ማለዳ መጣ። ጠመንጃውን አገላብጦ መልሶ አስቀመጠና፦ «ማን ሠራው?»
እኔ ልል ነበር።
«አክስትህ» አልሁ።
አጠገባችን የቆመችው እቴነሽ ራሷ አንሥታ ሰጠችው።
ወደ ጫካው ሲመለስ ማዶ ጉብታው ላይ ወጥቶ ፀሐዩ ፊት ጠመንጃውን እንዲያወዛውዝ ተስማማን። እኔና እሷ ደጅ ቆምን። ቁጥቋጦው ዘንድ ሲደርስ አየሁት፣ ከዚያ... ዓይኔ እስኪያነባ ፈለግሁ። ብልጭ የሚል ነገር የለም።
«ያዩታል?»
«አላየውም። አንቺስ?»
«እኔም።»
ተመስገን አልን። እስከ ረፋዱ ግን የሄደበትን እያየን ከደጅ አልገባንም።